ለጥያቄዎ መልስ፦ ቴምብሩን ከፖስታው አይለዩት

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙትንና ሁሉም ከወሎ የተላኩትን መርጠናል። ጉዳዩ የወታደራዊ ፖሊስ ክፍሎችን ለማሰብ የሚወጡ ቴምብሮችንና ፖስታዎችን ማሰባሰብ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹንም ስም አላወጣንም። በመልሶቹ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? አባቴ ለረጅም ዘመን በወታደራዊ ፖሊስነት አገልግለው በጡረታ ደሴ ይኖራሉ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቴምብር እሰበስባለሁ። አሁን ስብስቤን በእሳቸው ሙያ ዙሪያ ብቻ ላደርገው አስቤ ፍለጋ ብጀምር፣ የማገኘው በአብዛኛው የመደበኛ ፖሊስ ቴምብር ሆነብኝ። ምኑን ላስገባ፣ ምኑን ልተው? ከየትኛውስ አገር ልጀምር?» — ከደሴ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ የፍለጋዎ ጉድለት እንዳይመስልዎት፤ ነገሩ በባሕርይው እንዲሁ ነው። ወታደራዊ ፖሊስ በጦሩ ውስጥ ያለ አንድ የአገልግሎት ክፍል ነው፤ የሠራዊቱን ሥነ ሥርዓት ያስከብራል፣ ጦር በሚንቀሳቀስበት መንገድ ላይ ተሽከርካሪዎችን ያስተናግዳል፣ ምርኮኛ ይጠብቃል፣ የከዳ ወታደር ያፈላልጋል። የፖስታ አስተዳደሮች ቴምብር ሲያወጡ ግን የሚታያቸው ጦሩ በጠቅላላው፣ አለዚያም አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ ስለሆነ፣ ይህ ክፍል በስሙ ቴምብር የሚወጣለት ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ የሚለዩት እንደ ጣሊያን ካራቢኜሪና እንደ ፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ ያሉት ናቸው፤ እነዚህ በአንድ በኩል የጦሩ አካል ሆነው ወታደሩን ሲቆጣጠሩ በሌላ በኩል የሕዝቡን ጸጥታ ስለሚያስከብሩ፣ በየአገራቸው ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቃቸው፣ በዓላቸውም በቴምብር የሚከበርላቸው ሆነዋል። ስለዚህ ቴምብር የሚሹ ከሆነ ፊትዎን ወደ እነዚህ፣ የመታሰቢያ ፖስታ፣ ማለትም ለበዓሉ ሥዕል የታተመበት የደብዳቤ መያዣ፣ የሚሹ ከሆነ ደግሞ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ያዙሩ።

ካራቢኜሪ በቱሪን ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1814 ነው። የጣሊያን ፖስታ 150ኛ ዓመቱን በ1964 በሁለት ቴምብሮች ያከበረ ሲሆን፣ ባለ 70 ሊሬው እ.ኤ.አ. በ1848 በፓስትሬንጎ የካራቢኜሪ ፈረሰኞች ያካሄዱትን የማጥቃት ግልቢያ ያሳያል፤ 200ኛ ዓመቱም በ2014 እንደዚሁ በቴምብር ታስቧል። እኔን የሚማርከኝ ግን ከሁለቱ በዓላት መካከል በ1975 የወጣው የሳልቮ ዳክዊስቶ ቴምብር ነው። ይህ የ22 ዓመት የካራቢኜሪ የበታች ሹም፣ በሴፕቴምበር 1943 ጀርመኖች በሮም አቅራቢያ በፓሊዶሮ ለደረሰባቸው ፍንዳታ መበቀያ የአካባቢውን ነዋሪዎች ይዘው ሊረሽኑ ባሉበት ሰዓት፣ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን በመስጠቱ እሱ ተረሽኖ እነሱ ተርፈዋል። የአንድን ሙያ ስብስብ ስናዘጋጅ ሰልፍና ሰንደቅ ብቻ ከምንደረድር፣ እንዲህ ያለ የሰው ታሪክ ያለበት አንድ ቴምብር ቢገባበት ገጹ ነፍስ ይዘራል።

ፈረንሳይ በ1970 ለብሔራዊ ዣንዳርሜሪዋ ቴምብር ያወጣች ሲሆን፣ በ1991 ደግሞ 200ኛ ዓመቱን ለማክበር ሌላ ጨምራለች። እነዚህ በብዛት የታተሙ በመሆናቸው ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ፤ ውድ ዋጋ የሚጠራልዎት ሻጭ ቢያጋጥምዎት ሌላ ይፈልጉ።

ወደ ፖስታዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በቀይ ባርኔጣቸው ምክንያት «ሬድ ካፕስ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ወታደራዊ ፖሊሶች «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ ያገኙት በ1946 ነው። የእንግሊዝ ጦር ኃይሎች የፖስታ አገልግሎት ለልዩ ልዩ የጦር ክፍሎች በዓላት ልዩ ማኅተም እያዘጋጀ በመታሰቢያ ፖስታዎች ላይ ሲመታ ቆይቷል፤ ማኅተሞቹ ተራ ቁጥር የተቀረጸባቸው በመሆኑ አንዱን ፖስታ ከሌላው ለመለየትና የጎደለዎትን ለማወቅ እጅግ ይመቻሉ። የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊስ ኮር በበኩሉ ምሥረታውን የሚቆጥረው ከሴፕቴምበር 26 ቀን 1941 ጀምሮ ሲሆን፣ አርማው ሁለት የተጠላለፉ የጥንት ሽጉጦች ናቸው። ይህ አርማ በግራ በኩል የታተመባቸውን የመታሰቢያ ፖስታዎች ፍለጋ ሲገቡ በአንድ ነገር እንዳይታለሉ፦ ከኤፕሪል 1942 ጀምሮ የአሜሪካ ወታደሮች በነፃ ደብዳቤ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው፣ የዚያ ዘመን እውነተኛ የወታደር ፖስታ ብዙውን ጊዜ ቴምብር የለውም። ቴምብር በሚለጠፍበት ጥግ ላይ በእጅ «ፍሪ» የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ በላይኛው የግራ ጥግ ደግሞ የላኪው ስም፣ ማዕረግና ክፍሉ ይነበባል። ቴምብር ብቻ የሚያይ ሰብሳቢ ባዶ ወረቀት ነው ብሎ ይጥለዋል። በወታደራዊ ፖሊስነት ያገለገለ ሰው ራሱ ጽፎ ራሱ የላከው በመሆኑ፣ ለእርስዎ ስብስብ ግን ከማንኛውም የበዓል ቴምብር የቀረበው እሱ ነው።

በመታሰቢያ ፖስታ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ቴምብሩ፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተምና በግራ በኩል የሚታተመው የመታሰቢያ ሥዕል። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው በሥዕሉ ላይ ነው፤ ደማቅ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥዕሉን ማንኛውም ማተሚያ ቤት በፈለገው ቀን ሊያትመው ይችላል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ በዓል ምክንያት ፖስታው በእርግጥ በፖስታ ቤት እጅ ማለፉን የሚመሰክረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ሁለት ፖስታ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዘው አንዱ የክፍሉ ልዩ ማኅተም፣ ሌላው የአንድ ተራ ከተማ ማኅተም ቢኖርበት፣ ሳያመነቱ የመጀመሪያውን ይውሰዱ።

የተባበሩት መንግሥታትን ቴምብሮችና የኮሪያን ዘመቻ መታሰቢያዎች በተመለከተ አስተያየቴ ጠበቅ ያለ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1951 ለረዷት አገሮች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቴምብር ማውጣት ስትጀምር ኢትዮጵያም ሰንደቅ ዓላማዋ የታተመበት ደርሷታል፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር መዋጋታቸው የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታትም በ1957 በግብፅ ለሰፈረው አስቸኳይ ጦሩ፣ በ1962 ደግሞ የእኛው ጠቅል ብርጌድ ለተሳተፈበት የኮንጎ ዘመቻ ቴምብር አውጥቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ ቢሆኑም የሚያከብሩት ጦሩን በመላ እንጂ ወታደራዊ ፖሊሱን ለይተው አይደለም። አባትዎ በሰላም ማስከበር የተሰለፉ ከሆነ በአልበሙ መጨረሻ ራሱን የቻለ ክፍል ይስጧቸው፤ አለዚያ ቢተዉአቸው ይሻላል፤ ምክንያቱም አንዴ በሩ ከተከፈተ ሰማያዊ ቆብ ያለበት ቴምብር ሁሉ ይገባና የተነሡበት ጉዳይ ይጠፋል። መደበኛ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት የሚታይባቸውንም ቴምብሮች ከአሁኑ ይሰናበቷቸው።

ከየት ልጀምር ላሉት ግን መልሴ ከጣሊያንም ከእንግሊዝም አይደለም፤ ከአባትዎ ሣጥን ይጀምሩ። በአገልግሎት ዘመናቸው ከቤት የተላከላቸው፣ ወይም እሳቸው ከግዳጅ ላይ ሆነው ወደ ደሴ የላኩት አንድ ደብዳቤ ከነፖስታው ከተገኘ ከውጭ ከሚገዙት ሃያ የበዓል ፖስታ ይልቃል። እሳቸውን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ክፍል ሳሉ እንደደረሳቸው፣ በማኅተሙ ላይ ያለው ቦታ የት እንደሆነ ጠይቀው በተለየ ካርድ ላይ በእርሳስ ይጻፉት። በፖስታው ላይ አንዲት ፊደል እንዳይጨምሩ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች የሚልኩት ፖስታ ቢገኝ ግን፣ የክፍሉን አድራሻ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ ለሰው ከማሳየት ይቆጠቡ።

ጥያቄ፦ «አያቴ ሲሞቱ ከሣጥናቸው ሥር አንድ የጣሊያን ጊዜ ፖስታ አገኘሁ። ቴምብሩ የንጉሣቸው ምስል አለበት። ማኅተሙ ላይ በላቲን ፊደል ‹ፖስታ ሚሊታሬ› ይልና ቀኑን ተከትሎ ‹ኤክስ ቪ› የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። በጀርባው ባለ ክብ ማኅተም ላይ ደግሞ ሁለት ‹አር› እና ሁለት ‹ሲ› ይነበባል። ጓደኛዬ ‹ፖስታ ሚሊታሬ ወታደራዊ ፖሊስ ማለት ነው፤ አብሽር፣ ቴምብሩን ለብ ባለ ውኃ አላቅቀህ አልበምህ ውስጥ አስገባው› አለኝ። ላድርገው?» — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውኃውን ያርቁት። ጓደኛዎ ስለ ሙጫው እውነቱን ነው፤ የዚያ ዘመን ሙጫ ለብ ባለ ውኃ ይለቃል። ነገር ግን ቴምብሩ ብቻውን ሲቀር በብዙ ሺህ ከታተሙት አንዱ ይሆናል፤ የእርስዎን ፖስታ ከሌላው የሚለየው ነገር ሁሉ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። እስቲ እንዳለ ሆኖ እናንብበው።

«ፖስታ ሚሊታሬ» የጦሩ የራሱ ፖስታ ቤት ነው፤ አጠገቡ ቁጥር ካለ ያ ቁጥር የትኛው የጦር ፖስታ ቤት እንደሆነ ይነግርዎታል። ብዙ ጊዜ በምሕፃረ ቃል «ፒ ኤም» ተብሎ ይገኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ወታደራዊ ፖሊስን «ኤም ፒ» ስለሚሉና አዛዡንም «ፒ ኤም» ብለው ስለሚያሳጥሩ፣ ጀማሪዎች ሁለቱን ማምታታታቸው የተለመደ ነው። በእርስዎ ፖስታ ላይ ፖሊሱ ያለው በፊት ለፊት ሳይሆን በጀርባው ነው፤ ሁለቱ «አር» እና ሁለቱ «ሲ» በዚያን ጊዜ «ካራቢኜሪ ሬያሊ»፣ ማለትም የንጉሡ ካራቢኜሪ፣ ይባል የነበረው ክፍል ምሕፃረ ቃል ነው። በማጉያ መነጽር በደንብ ካዩት ከፊደላቱ ጋር የጽሕፈት ቤቱን ወይም የጣቢያውን ስም ያገኙ ይሆናል። ስለዚህ ፖስታው በካራቢኜሪ ጽሕፈት ቤት ታትሞበት በጦሩ ፖስታ ቤት በኩል የሄደ ይመስላል፤ ሁለቱ ማኅተሞች በአንድ ወረቀት ላይ መገኘታቸው ነው ዋጋው።

«ኤክስ ቪ» የሚለው የሮማውያን ቁጥር 15 ሲሆን፣ ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምሮ የሚቆጥሩት የራሳቸው ዓመት ነው። ዓመቱ የሚለወጠው በኦክቶበር መጨረሻ በመሆኑ፣ 15ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1936 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1937 መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል። ጣሊያኖች ደሴ የገቡት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነውና፣ ፖስታዎ ከዚያ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ዘግይቶ የተላከ ነው። አሁን ቴምብሩን ይመልከቱ። ከንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ምስል ጋር «ኢትዮጵያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ካለበት፣ ወረራውን ተከትሎ በ1936 ከወጡት ነውና ከማኅተሙ ጋር ይስማማል። «አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» (የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ) የሚል ከሆነ ግን እነዚያ መውጣት የጀመሩት በ1938 ስለሆነ፣ ገና ያልታተመ ቴምብር በ15ኛው ዓመት ማኅተም ሊመታበት አይችልምና፣ ወይ ቁጥሩን አሳስተው አንብበዋል ወይም አንድ ሰው ቆየት ብሎ የሠራው ነው። ቴምብሩን አላቅቀው ቢሆን ኖሮ ይህን ማመሳከሪያ በገዛ እጅዎ ባጠፉት ነበር።

በወሎ የውጭ ጦር ፖስታ የጀመረው በጣሊያን እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ላንሣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የወጣው የእንግሊዝ ዘመቻ የራሱን የዘመቻ ፖስታ ቤት ይዞ የመጣ ሲሆን ደብዳቤዎቹም የሚላኩት በህንድ ቴምብር ነበር፤ ይህም ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ቴምብር ከማውጣታቸው 26 ዓመት በፊት ነው። እንዲህ ያለ ፖስታ ከአያትዎ ሣጥን ይወጣል ብለው አይጠብቁ። የ1933 ዓ.ም. ግን ሊያጋጥም ይችላል፤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ከጣሊያን ያስለቀቁት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩና፣ የጦር ፖስታ ቤታቸው ማኅተም በላቲን ፊደል «ኤ ፒ ኦ - ዩ - ኤም ፒ ኬ» ይላል። ‹ኤም ፒ› አየሁ ብለው ወደ ወታደራዊ ፖሊስ ገጽ እንዳይወስዱት፤ እነዚያ ፊደላት በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካንስ ቋንቋ የጦር ፖስታ ቤት ማለት ናቸው።

ጥያቄ፦ «በዚህ ዓምድ ስለ ካራቢኜሪ ቴምብር ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። በእኛ አገር ግን ካራቢኜሪ ማለት አርበኛ አሳዳጅ፣ ሰው ገራፊ ነበር። የእሱን ማኅተም በአልበም አሳምሮ ማስቀመጥ ነውር አይሆንም?» — ከመርሳ

መልስ፦ ነውር የሚሆንበት መንገድ አለ፤ የማይሆንበትም አለ። በ1964 የወጣው የጣሊያን ቴምብር የምስጋና ወረቀት ነው፤ አንድ አገር ለራሱ ተቋም ያቀረበው ሙገሳ ስለሆነ፣ በወሎ ምድር በወረራው ዘመን ምን እንደተሠራ አንዲት ቃል አይናገርም። ከኮምቦልቻ የተገኘው ዓይነት ፖስታ ግን ማንንም አያወድስም፤ በእንዲህ ያለ ቀን፣ በእንዲህ ያለ ቦታ የወራሪው የፖሊስ ክንድ እንደነበረ በራሱ ማኅተም የሚመሰክር ሰነድ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ያውም ያለ ማብራሪያ፣ ትልቁ ስሕተት እሱ ነው። ሙገሳውን በጣሊያን ገጽ፣ ማስረጃውን በወሎ ገጽ ያድርጉ፤ በወሎው ገጽ ላይ ደግሞ ክፍሉ እዚህ ምን ሥራ እንደነበረው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎችም ስለ እሱ የሚሉትን በአጭሩ ይጻፉበት። ያለ ጽሑፍ የሚታይ የወራሪ ማኅተም ጌጥ ይሆናልና እኔም አልወደውም።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። በእነዚያ ፖስታዎችና በውስጣቸው ባሉ ወረቀቶች ላይ፣ በግድም ይሁን በውድ ዛፕቲዬ (በካራቢኜሪ ሥር የሚሠራ የአገሬው ተወላጅ ፖሊስ) ሆነው ያገለገሉ የአገር ልጆች ስም ሊገኝ ይችላል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ስሙን ሸፍነው ያሳዩ።

ጥያቄ፦ «የትምህርት ቤታችን የቴምብር ክበብ ኃላፊ ነኝ። አንድ ሻጭ በቴሌግራም አማካይነት የወታደራዊ ፖሊስ ሞተረኞች ያሉባቸውን፣ በአንዲት ሩቅ ደሴት ስም የታተሙ ዘጠኝ ቴምብሮች የያዘ ሉህ አቀረበልኝ። ሁሉም ማኅተም የተመታባቸው ናቸው። እውነተኛ መሆናቸውን በምን ላውቅ?» — ከወልዲያ

መልስ፦ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የጀርባውን ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ማኅተሙ በእያንዳንዱ ቴምብር ጥግ ላይ በእኩል ልክ፣ በማሽን የታተመ መስሎ ከታየና በጀርባው ያለው ሙጫ ምንም ሳይነካ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ቴምብሩ አንድም ቀን ደብዳቤ ላይ አልተለጠፈም፤ ማኅተሙ የተመታው ገና በማተሚያ ቤቱ ነው። ይህ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ አንዳንድ መንግሥታት ለሰብሳቢ ሽያጭ እንዲህ ያደርጋሉና። ነገር ግን የተመታበት ማኅተም ስለ ወታደራዊ ፖሊስም ሆነ ስለ ፖስታ አገልግሎት የሚነግረን ስለሌለ ለክበባችሁ አይጠቅምም።

የባሰው ደግሞ አገሪቱ ሳታውቀው በስሟ የሚታተመው ነው። ኢትዮጵያ ከኖቬምበር 1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም የፖስታ ኅብረት፣ አገሮች «ይህን ሉህ እኛ አላወጣነውም» ሲሉ ማስጠንቀቂያውን ለአባላቱ ያሰራጫል፤ በተጨማሪም ከ2002 ወዲህ በተሳታፊ አገሮች በሕጋዊ መንገድ የወጡ ቴምብሮች ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው የሚመዘገቡበት በኢንተርኔት የሚታይ መዝገብ አለ። የሻጩን ሉህ በዚያ፣ አለዚያም ስኮት፣ ሚሼል ወይም ስታንሊ ጊበንስ በሚባሉት ካታሎጎች ይፈልጉት። በየትኛውም ካልተገኘ ይተዉት። ያን ያህል ብር ለተማሪዎቻችሁ አንድ ማጉያ መነጽርና ጥቂት ወረንጦ ይገዛል።

ጥያቄ፦ «ክረምት በገባ ቁጥር ፖስታዎቼ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ጠርዛቸውም ይጠቀለላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት ላስደርጋቸው?» — ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ

መልስ፦ በፍጹም። የትምህርት ማስረጃንና የልደት ካርድን ላሚኔት ማስደረግ በከተማችን የተለመደ ቢሆንም፣ ለቴምብርና ለአሮጌ ፖስታ የሞት ያህል ነው። ማሽኑ ፕላስቲኩን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሙጫው ይቀልጣል፣ የማኅተሙ ቀለም ሊፈስ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። በስኮች መጠገን፣ በኮላ ማጣበቅና በስፒል መውጋትም ከዚሁ የማይለዩ ናቸው፤ የስኮቹ ሙጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ዘልቆ ይገባል።

ነጠብጣቡን የሚያመጣው እርጥበት ነው፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጦሳን ተራራ ተጠግታ የተቀመጠች ደጋ ከተማ በመሆኗ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ወረቀት የሚስማማው እርጥበቱ ወደ ሃምሳ በመቶ አካባቢ ሆኖ ከቀን ቀን ብዙ በማይለዋወጥበት ቦታ ነው። አልበሙን በውጪው ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ቁምሳጥን ያውጡትና ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይውሰዱት፤ ከወለልም ከፍ ያድርጉት። አልበሞቹን አስተኝተው ከመደራረብ አቁመው፣ ጠበቅ ሳያደርጉ ይደርድሯቸው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው በሣጥኑ ጥግ ያስቀምጡ፤ ወረቀቱን እንዳይነኩ ብቻ ይጠንቀቁ። ናፍታሊን ግን አልመክርም፤ ትነቱ በፕላስቲኩም በወረቀቱም ላይ ይቀራል።

የቡናውን ነገርም ልናገር። በወሎ ቤት ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም፤ ይፈላል ስንል ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ አይደለም። አልበሙ ቡና በሚፈላበት ክፍል ከሆነ ጭሱ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ነጩን ፖስታ ያጠይመዋል። ቡናውን ማንም አይከለክልዎትም፤ አልበሙ ወደ መኝታ ክፍል ይግባ። ፖስታ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሲገዙም ያሽትቱት፤ አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸትተውን ሽታ የሚሸት ከሆነ ወረቀት የሚጎዳው ዓይነት ነውና ይመልሱት። ነጠብጣቡ የወጣባቸውን ከደህናዎቹ ለይተው ያስቀምጡ፤ ለማጽዳት በረኪና አይንኳቸው። ከሁሉ በፊት ግን የእያንዳንዱን ፖስታ ፊትና ጀርባ በስልክዎ አንሥተው ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላኩ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከስንት ቤት ስንት ወረቀት እንደጠፋ የደሴ ሰው አይነገረውም።

ጥያቄ፦ «በወታደራዊ ፖሊስነት አብረን ያገለገልን ጡረተኞች በዚህ ዓመት ልንገናኝ ቀጠሮ አለን። ለዕለቱ የራሳችንን የመታሰቢያ ፖስታ ማሳተም ይፈቀድልናል? እንዴትስ ቢሠራ ይሻላል?» — ከሐይቅ

መልስ፦ ፖስታ ማሳተም ማንም የሚከለክለው አይደለም፤ ቴምብር መሳይ ነገር በራሳችሁ አሳትማችሁ መለጠፍ ግን አይገባም። በፖስታው የግራ ግማሽ ላይ የምትፈልጉትን ሥዕልና ጽሑፍ ታሳትማላችሁ፤ የቀኙን የላይኛ ጥግ ለቴምብርና ለማኅተም ባዶ ትተዉታላችሁ። የክፍሉን አርማ መጠቀም ካሰባችሁ፣ ያገለገላችሁበትን ክፍል በደብዳቤ ጠይቃችሁ ፈቃዱን ያዙ፤ ካልተፈቀደ የሐይቅን ሥዕል ወይም የእስጢፋኖስን ገዳም ብታደርጉት ከአርማው የበለጠ የእናንተ ይሆናል። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ የክፍሉ ስም፣ የመገናኛው ቦታና ቀን ይበቃል። የተሰብሳቢዎቹን ሁሉ ስም መደርደር ፖስታውን የስም ጥሪ ያስመስለዋል።

ወረቀቱ ወፈር ያለና የማያብለጨልጭ ቢሆን ይመረጣል፤ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፣ ጣት ሲነካው ይሰረዛል። ቴምብሩን ከኢትዮጵያ ፖስታ ስትገዙ ዋጋው ለአገር ውስጥ ደብዳቤ የሚበቃ መሆኑን ጠይቁ። በተገናኛችሁበት ቀን ፖስታ ቤቱ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ቀጠሯችሁ እሑድ ከሆነ ማኅተሙ የሰኞን ቀን ይይዛልና ቀኑን ወደ ሥራ ቀን ማዛወር ይሻላል። ባለ ማኅተሙን ሠራተኛ በትሕትና ቀርባችሁ፣ ቴምብሩን ግማሹን ብቻ የሚነካ፣ ቀኑና የከተማው ስም በነጩ ወረቀት ላይ በግልጽ የሚነበብ አድርጎ እንዲመታላችሁ ለምኑት፤ ቀለም የበዛበት ማኅተም ጥቁር ክብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ ወፈር ያለ ባዶ ካርድ ክተቱበት፤ ባዶ ከሄደ በመንገድ ይጨማደዳል።

ከተመታ በኋላም ሁሉንም በእጅ አትከፋፈሉት። ለእያንዳንዱ ጓደኛችሁ ሁለት ሁለት አዘጋጁና አንዱን እዚያው ስጡት፤ ሁለተኛውን ስሙንና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ጽፋችሁበት በፖስታ ቤቱ በኩል ላኩለት። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ቆቦ ሲደርስ ተቀባዩ ፖስታ ቤት የራሱን የመድረሻ ማኅተም በጀርባው እንዲመታበት ተቀባዩ ራሱ ቀርቦ ይጠይቅ።